ከኡም ሐጀር እስከ ገላባት፦ ውል ካርታ ሲሆን፣ ካርታ መሬት ሲሆን

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክና የእንግሊዝ መልእክተኛ ጆን ሌን ሃሪንግተን አዲስ አበባ ላይ የፈረሙት ውል አምስት አንቀጽ ብቻ ያለው አጭር ጽሑፍ ነው። የመጀመሪያው አንቀጽ የኢትዮጵያንና የሱዳንን ወሰን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዘረዝራል። አዘረዛዘሩ ግን ስም መጥራት ብቻ ነው፤ ከኡም ሐጀር ወደ ገላባት፣ ከገላባት ወደ ዓባይ፣ ከዚያም ባሮን፣ ፒቦርንና አኮቦን እየጠራ ይወርድና ስድስተኛው የኬክሮስና ሠላሳ አምስተኛው የኬንትሮስ መስመሮች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ያቆማል። የቀረውን ነገር ሁሉ እንዲናገር የተተወው ከውሉ ጋር የተያያዘው ካርታና በላዩ የተሰመረው ቀይ መስመር ነው።

ኡም ሐጀርና ገላባት በሚሉት በእነዚያ ሁለት ስሞች መካከል ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ አገር አለ። ከጎንደር ተነሥቶ በሳንጃ በኩል ወደ ሁመራ የሚወርድ ሰው ያውቀዋል፤ አርማጭሆን አልፎ፣ የአንገረብን ሸለቆ ተከትሎ፣ እስከ አብደራፊና እስከ ተከዜ ዳር የሚዘልቅ የዋልካ ሜዳ ነው። በክረምት ጭቃው መኪና ይውጣል፣ በበጋ መሬቱ ተሰነጣጥቆ እግር ያስገባል። ሰሊጥና ማሽላ የሚያበቅል፣ ከብት ከሩቅ የሚሳብበት፣ በንዳዱ ምክንያት ደገኛው ለዘመናት ወቅት ጠብቆ ወርዶ ወቅት ጠብቆ የሚወጣበት ቆላ ነው። ውሉ ይህን ሁሉ በግማሽ መስመር ጽሑፍ ተሻግሮታል።

አንድ ደንብ ከተጻፈበት መልክ ወደ ሌላ መልክ ሲገለበጥ የሚሸፍነው ነገር ሳይታወቅ ሊሰፋ ወይም ሊጠብ ይችላል። የኮምፒውተር ኔትወርክ ጠባቂዎች በዚህ ጉዳይ በየጊዜው ይቸገራሉ። ለምሳሌ የሊኑክስ ፋየርዎል በአይፒቴብልስ ይጻፍ በነበረ ጊዜ የአራተኛውና የስድስተኛው ትውልድ የኢንተርኔት አድራሻ ደንቦች በተለያየ መዝገብ ይያዙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የመጣው ኤንኤፍቴብልስ ሁለቱንም በአንድ ሠንጠረዥ መጻፍ ፈቀደ። ለአንዱ ብቻ ታስቦ የተጻፈ «ይህ በር ይከፈት» የሚል ደንብ በጋራ ሠንጠረዥ ውስጥ ሲገለበጥ፣ ማንም ሳያስበው የሌላውንም በር ከፍቶ ያድራል። በደንቡ ላይ አንዲት ቃል አልተለወጠችም፤ የገባበት ቤት ነው የተለወጠው። የመተማ ቆላ ታሪክ የዚህ ስሕተት ታሪክ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም፤ ልዩነቱ በኮምፒውተር ላይ በአንድ ሌሊት የሚታረመው እዚህ ከመቶ ዓመት በላይ መውሰዱ ነው።

ያኔ ከገላባት ጋር አንድ የገበያ አገር የነበረው መተማ ደንብ በወረቀት ሳይሰፍርበትም ደንብ ነበረው። በ19ኛው መቶ ዘመን ገበያውን የያዙት ተክሩሮች ነበሩ፤ ከምዕራብ አፍሪካና ከዳርፉር ለሐጅ ሲጓዙ መንገድ ላይ የቀሩና በዚያው የሰፈሩ ሙስሊሞች ናቸው። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1862 አልፎባቸው ስለ ገበያቸው ጽፏል። ከደጋው ቡናና ሰም፣ ከብትና ባሪያ ይወርዳል፤ ከሱዳን በኩል ጨርቅና ዕቃ ይመጣል። የተክሩሮቹ ሼክ ለኢትዮጵያ ገዢም ለግብጽም ግብር ይከፍል ነበር። ለሁለት ጌታ መገበር ለአሁን ሰው ግራ ያጋባል፤ ለዘመኑ ግን የሚሠራ ዘዴ ነበር። ግብሩ የሚከተለው ሰውንና ገበያን ስለነበር መስመር አያስፈልገውም ነበር። ሜዳው የማን ነው ብሎ የጠየቀ ባይኖርም ሼኩ ለማን እንደሚገብር ሁሉም ያውቅ ነበር።

የወረቀት ደንብ ወደ መተማ መጀመሪያ የመጣው ከዓድዋ ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 3 ቀን 1884 ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ፣ የእንግሊዙ አድሚራል ዊልያም ሂወትና የግብጹ ተወካይ ሜሰን ቤይ ዓድዋ ላይ ውል ፈረሙ። ንጉሠ ነገሥቱ ሁለት ትልልቅ ነገር አገኙ፤ በግብጽ የተያዘው የቦጎስ አገር ሊመለስላቸውና የኢትዮጵያ ዕቃ፣ መሣሪያ ጭምር፣ በምጽዋ በኩል ያለ ቀረጥ ሊያልፍ። በምላሹ በሱዳን በግብጽ ላይ ባመፁት ማህዲስቶች የተከበቡት የግብጽ ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል ወደ ምጽዋ እንዲወጡ ሊረዱ ቃል ገቡ። ውሉ በስም የጠራቸው ሦስት ቦታዎችን ነው፤ ከሰላን፣ አሚዲብንና ሰንሒትን። ገላባት በዝርዝሩ ውስጥ የለችም።

ውሉ ከወረቀት ወደ ምድር ሲወርድ ሁለቱም ወገን የገባው ግዴታ እኩል አልሄደም። የዮሐንስ ግዴታ ሰፋ። ያልተጠራችው የገላባት ጦር እ.ኤ.አ. በ1885 መጀመሪያ በኢትዮጵያ ሠራዊት እርዳታ ከከበባ ወጣ፤ የዮሐንስ የጦር አዛዥ ራስ አሉላ ደግሞ ከሰላ አስቀድማ ወድቃ ሳለ በዚያው ዓመት መስከረም ኩፊት ላይ ከማህዲስቶቹ አዛዥ ከዑስማን ዲግና ጋር ከባድ ጦርነት ገጠሙ። የዮሐንስ መብት ግን ጠበበ። ውሉ ምጽዋን የሚይዘው ሌላ ቢሆንስ ብሎ አልጠየቀም። ስምንት ወር እንደሞላ፣ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1885፣ ጣሊያን ምጽዋ ገባ፤ የእንግሊዝ ፊርማ ጣሊያንን አያስርም ነበርና ነጻው በር ተዘጋ። ዮሐንስ ለሌሎች ጦር መውጫ ሲሉ የማህዲስቶችን ቂም ገዙ፤ የገዙበት ዋጋ ግን ባዶ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የጎንደር ሰው ከታሪክ መጽሐፍ በፊት ከአያቱ ነው የሚሰማው። እ.ኤ.አ. በ1887 መጀመሪያ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ገላባት ላይ ማህዲስቶችን አሸነፉ። በዓመቱ የማህዲስቶቹ አዛዥ ሐምዳን አቡ አንጃ ሠራዊቱን ይዞ ወጣ፤ ሳር ውሃ ላይ ድል አድርጎ ጎንደርን አቃጠለ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዮሐንስ ራሳቸው መተማ ላይ ተዋጉ፣ ቆሰሉ፣ ሞቱ። ዛሬ ከተማዋ መተማ ዮሐንስ ትባላለች።

የማህዲስቶች መንግሥት ከወደቀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1898፣ የእንግሊዝና የግብጽ ጦር ገላባት ሲደርስ የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ ተሰቅሎ አገኘ። ጉዳዩ በንግግር እስኪፈታ ተብሎ የግብጹም ባንዲራ ከጎኑ ተሰቀለ። የተክሩሮቹ የሁለት ጌታ ዘመን ለጥቂት ጊዜ በጨርቅ የተመለሰ ይመስል ነበር። ከዚያ ግን የቀያሾች ተራ መጣ።

የቀያሹ ስም ቻርልስ ግዊን ነው፤ የእንግሊዝ መሐንዲስ ጦር መኮንን። ከውሉ በፊት፣ እ.ኤ.አ. ከ1899 ጀምሮ፣ ከባልደረቦቹ ጋር አገሩን እየዞረ ለካ። ከውሉም በኋላ፣ በ1903፣ መስመሩን መሬት ላይ እንዲያሳይ የተላከው እርሱው ነበር። የውሉ ሁለተኛ አንቀጽ ወሰኑን የሚያካልለው የሁለቱ መንግሥታት የጋራ ኮሚሽን ነው ይላል። በተግባር ግን ግዊን ከኢትዮጵያ በኩል የተወከለ ሰው አብሮት ሳይቆም ሥራውን ጨረሰ። በአንቀጹ ውስጥ የነበረው የጋራ ኮሚሽን ሜዳ ላይ ሲደርስ አንድ ሰው ሆነ ማለት ነው። ይህ ከሁሉ የከፋው ግልበጣ ነው፤ ኢትዮጵያውያን ተከራካሪዎች እስከ ዛሬ መስመሩን የሚነቅፉበት ዋናው ምክንያትም ይኸው ነው።

ሁለተኛው ችግር ቀዩ መስመር ራሱ ነው። አንድ ሚሊሜትር አንድ ኪሎ ሜትርን በሚወክልበት ካርታ ላይ የብዕር ውፍረት ብቻውን የአንድ ገበሬ ሙሉ ማሳ ይሸፍናል። ስለዚህ ቀያሹ መስመሩን በመሬት ላይ ለማግኘት ተራራ፣ ወንዝ፣ ደረቅ ጅረት መምረጥ ነበረበት፤ ግዊንም በየቦታው ከቀዩ መስመር ወጣ እያለ ለዓይን የሚታይ ምልክት መረጠ። እንደ መሐንዲስ ትክክል ነበር፤ ምልክት የሌለው ወሰን ወሰን አይደለም። ነገር ግን በመረጠ ቁጥር ከውሉ የተለየ ነገር እየጻፈ ነበር፣ የጻፈውንም ከጎኑ ሆኖ የሚያነብ ኢትዮጵያዊ አልነበረም። ይኸው ግዊን በኋላ የኢትዮጵያንና የኬንያን ወሰን አካልሏል፤ ጀኔራል ከሆነ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1934 ቅኝ ግዛትን በጦር ስለማስከበር ታዋቂ መጽሐፍ ጻፈ። ደንብ አስከባሪም ደንብ ገልባጭም ነበር።

መተማ ላይ ውጤቱ ዓይን የሚያየው ነው። ቀድሞ አንድ የገበያ አገር የነበረው ቦታ ለሁለት ተከፈለ፤ ደረቅ ጅረት መካከል ላይ አለ፣ ወዲህ መተማ፣ ወዲያ ገላባት። ትንሿ ድልድይ ላይ ቆሞ አንድ ሰው ወደ ሁለት መንግሥት ጉምሩክ ማየት ይችላል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1940 ጣሊያኖች ገላባትን ያዙ፤ በኖቬምበር የኋላው ፊልድ ማርሻል ዊልያም ስሊም ብርጌድ ገላባትን መልሶ ቢወስድም ጅረቱን ተሻግሮ መተማን መያዝ አቃተው። የቀያሽ ምልክት የነበረች ቦይ የጦር ግንባር ሆነች።

የምኒልክና የሃሪንግተን ውል በተፈረመበት በዚያው በግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም.፣ በዚያው በአዲስ አበባ፣ ጣሊያን የተጨመረበት አባሪ ውልም ተፈርሟል፤ የኢትዮጵያንና የኤርትራን ምዕራባዊ ወሰን የሚመለከት ነው። ወሰኑ ተከዜን ተከትሎ ማይ ኤተብ ከሚባል ወንዝ ጋር እስከሚገናኝበት ይሄዳል፣ ከዚያ ማይ ኤተብን ይዞ ወደ መረብ ይወጣል፣ ዓላማውም የኩናማ ሕዝብ ለኤርትራ እንዲቀር ነው ይላል። ችግሩ ማይ ኤተብ ውሉ በተመሠረተበት ካርታ ላይ የተጻፈበት ቦታና ወንዙ በምድር ላይ ያለበት ቦታ አለመገጣጠማቸው ነበር። ስሙን ከተከተሉ አንድ ወሰን፣ ካርታውን ከተከተሉ ሌላ ወሰን ይወጣል።

ይህ ጥያቄ ከ100 ዓመት በኋላ ዘ ሄግ ደረሰ። የኤርትራና የኢትዮጵያ የድንበር ኮሚሽን እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 13 ቀን 2002 ውሳኔውን ሲሰጥ የወንዙን ስም ጥሎ የውሉን ዓላማ ያዘ፤ ኩናማ ለኤርትራ ይቀር ዘንድ መስመሩ ተከዜን ከቶምሳ ጋር ከሚገናኝበት ትቶ ቀጥ ብሎ መረብና ማይ አምበሳ ወደሚገናኙበት ሄደ። በዚህ አንድ ነጥብ ላይ የኮሚሽኑ አስተሳሰብ ሊመሰገን ይገባዋል፤ ቃልና ካርታ ሲጋጩ ደንቡ ማንን ለመጠበቅ ተጻፈ ብሎ ጠየቀ። ውሳኔው ግን በሌላ መንገድ ተሰናከለ። ችካል መትከል ሲያቅተው ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2007 ወሰኑ በኬክሮስና በኬንትሮስ ቁጥር ብቻ ተካልሏል ብሎ ተበተነ። ያለ አንድ ድንጋይ፣ በቁጥር ዝርዝር የተካለለ ወሰን። ቁጥሩ ከብዕሩ ይልቅ ቀጭን ነው፤ ለእረኛው ግን ከብዕሩም የራቀ ነው።

ወደ ምኒልክና ሃሪንግተን ውል፣ እ.ኤ.አ. ወደ 1902ቱ፣ እንመለስ፤ ብዙ ጊዜ የማይነበበው አራተኛው አንቀጽ ከሁሉ የተሻለ ስለሆነ። ምኒልክ ለሱዳን መንግሥት በባሮ ወንዝ ላይ፣ በኢታንግ አካባቢ፣ የንግድ ጣቢያ የሚሆን ቦታ አከራዩ። አንቀጹ ቦታው ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ፣ የወንዝ ዳርቻውም ከ2000 ሜትር እንዳያልፍ ወሰነ። ለፖለቲካና ለጦር ጉዳይ እንዳይውል ከለከለ። ሱዳን በእንግሊዝና በግብጽ አገዛዝ ሥር እስካለች ድረስ ብቻ እንደሚቆይም ጻፈ። ስፋት፣ አገልግሎት፣ ዘመን፤ ሦስቱም አሉ።

ወደ ምድር ሲወርድ ይህም ተንሸራተተ፤ ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ1904 የተከፈተው ኢታንግ ሳይሆን ከወንዙ ላይኛው በኩል ጋምቤላ ላይ ነበር። ነገር ግን አንቀጹ የራሱን ልክ ይዞ ስለሄደ መንሸራተቱ ጉዳት አላመጣም። ሱዳን እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1956 ነጻ ስትወጣ የኪራዩ ዘመን በራሱ አለቀ፤ በዚያው ዓመት ጋምቤላ ያለ ጥይት ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰች።

ሦስተኛውም አንቀጽ ልኩን ያውቃል ማለት ይቻላል። ውኃውን የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራባቸው ስም የጠራቸው ዓባይን፣ ጣናንና ሶባትን ነው። ተከዜ፣ አንገረብ፣ ጓንግ አልተጠሩም፤ ወደ አትባራ የሚወርዱት የዚህ ቆላ ወንዞች ሁሉ ከዝርዝሩ ውጭ ናቸው።

የመጀመሪያው አንቀጽ ግን ልክ የለውም። ከኡም ሐጀር እስከ ገላባት ባለው ሜዳ ማን ያርሳል? በበጋ ውኃ ፍለጋ የሚወጣ የሱዳን ከብት የት ድረስ ይሂድ? ቀድሞ ያርስ የነበረ ሰው ከመስመሩ ማዶ ቢገኝ ምን ይሁን? የተክሩሮቹ ግብር ለእነዚህ መልስ ነበረው፤ መስመሩ የለውም። ሜዳው ሰው በማይበዛበት ዘመን ይህ ጉድለት አልታየም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ ትራክተር ሁመራና መተማ ሲደርስ፣ ሰሊጥ ዶላር ሲያወጣ፣ የኢትዮጵያ ገበሬዎች በአትባራና በተከዜ መካከል ወዳለው አልፋሽጋ ሲዘልቁ ፈነዳ።

በቅጡ ለማረም የተሞከረው አንድ ጊዜ ነው። ሱዳን የመጀመሪያውን የእርስ በርስ ጦርነቷን በአዲስ አበባ ስምምነት በዘጋችበት በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 18 ቀን 1972፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮቹ ምናሴ ኃይሌና መንሱር ኻሊድ ደብዳቤ ተለዋወጡ። የግዊን መስመር በመሠረቱ ተቀባይነት አገኘ፤ ከዳግሊሽ ተራራ ወደ ደቡብ በየቦታው ማስተካከያ ተደረገበት፤ ከዳግሊሽ ወደ ሰሜን፣ አልፋሽጋ ባለበት፣ የሰፈራውንና የእርሻውን ችግር የሚያጠና የጋራ ኮሚቴ እንዲቋቋምና እስከዚያ ያለው ባለበት እንዲቆይ ተስማሙ።

የዚህ ደብዳቤ ብልኅነት ሁለት ተጣብቀው የነበሩ ጥያቄዎችን መለየቱ ነው። መስመሩ የት ነው የሚለው አንድ ነገር፣ በመስመሩ ማዶ የሚያርሰው ሰው ምን ይሆናል የሚለው ሌላ። በ1902 ሊለዩ ይገባ ነበር፤ በ70 ዓመቱ ተለዩ። ጉድለቱ ደግሞ «እስከዚያ» የተባለው መቼ እንደሚያልቅ አለመጻፉ ነው። የአራተኛው አንቀጽ ጸሐፊ ያስቀመጠውን የዘመን ገደብ የ1972 ጸሐፊዎች አላስቀመጡም። ሁለት ዓመት ሳይቆይ ኢትዮጵያ አብዮት ውስጥ ገባች፤ ጉዳዩም ተንጠልጥሎ ቀረ።

የተንጠለጠለ ደንብ ጉልበት ያለው ይተረጉመዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 አዲስ አበባ ላይ የግብጹን ፕሬዚዳንት ሁስኒ ሙባረክን ለመግደል ከተሞከረ በኋላ፣ ኢትዮጵያ ሱዳንን በመክሰሷ የኢትዮጵያና የሱዳን ግንኙነት ሲበላሽ፣ የኢትዮጵያ ወገን አልፋሽጋን ያዘ። በ2000 ዓ.ም. ግድም መንግሥታቱ ገበሬዎቹ እያረሱ እንዲቆዩ፣ ወሰኑም በግዊን መስመር እንዲታወቅ ተግባቡ ሲባል፣ በኢትዮጵያ መሬት በምስጢር ተሰጠ የሚል ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ። በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት በተነሣ በሳምንታት ውስጥ የሱዳን ጦር ወደፊት ገፍቶ የኢትዮጵያ ገበሬዎች ያርሱት የነበረውን ሰፊ መሬት ያዘ። ሰሊጥ ያጭድ የነበረ ሰው ከነማጭዱ ወዲህ ተመለሰ። ካርቱም የምታወጣው የ1902ን ውልና የ1903ን መስመር፣ አዲስ አበባ የምታነሣው የጋራ ኮሚሽን አለመኖሩንና የ1972ን «ባለበት ይቆይ» ነው። ሁለቱም ከአንድ ሰነድ ልጆች ይጠቅሳሉ።

አሁን ሌላ ሰነድ መጻፉ አይቀርም፤ ምናልባትም በሳተላይት ፎቶና በቁጥር። ያን ጊዜ ከጎንደርና ከገዳሪፍ የሚላኩት ሰዎች ከግዊን መስመር ጋር አራተኛውን አንቀጽ አብረው ይዘው ቢቀመጡ ይበጃል፤ ማን፣ የት ድረስ፣ ለምን ሥራ፣ እስከ መቼ የሚሉትን አራት ጥያቄዎች ለእያንዳንዱ ማሳና ለእያንዳንዱ የከብት መንገድ መልሰው ይጻፉ፤ ችካሉም ሲተከል በዚህ ጊዜ ከሁለቱም ወገን፣ የመተማንና የገላባትን ገበሬ ጭምር አቁመው ይትከሉት።